ድሬ–ቦሌ፦ በአየር 40 ደቂቃ፣ በመሬት ግማሽ ቀን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ መንገድ ናቸው፤ ከድሬዳዋ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ቦሌ ድረስ ስላለው የአየር መንገድ። ተደጋጋሚዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«ዋሪያ አዘጋጆች፣ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ራሴ አሰላሁና 388 ኪሎ ሜትር መጣልኝ። ሁሉም ግን 343 ነው ይላል። የድሬን ነጥብ ከስልኬ ካርታ ወሰድኩ፤ 9.625 እና 41.854 ይላል። የቦሌን አንድ የበረራ ሰንጠረዥ ላይ 8 ዲግሪ 58፣ 38 ዲግሪ 48 የሚል አግኝቼ 8.58 እና 38.48 ብዬ አስገባሁ። ቀመሩን ሦስቴ አይቼዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። ማነው የተሳሳተው?»
— የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

ቀመርህ ልክ ነው፣ ማባዛትህም ልክ ነው። ያሳሳተችህ ነጥቧ ናት። ሰንጠረዡ ላይ ያለው 58 የዲግሪ ደቂቃ ነው። አንድ ዲግሪ እንደ ሰዓት 60 ደቂቃ ስላለው፣ 58 ደቂቃ ማለት 58 ለ60 ሲካፈል ነው፤ 0.967 ይሆናል። ስለዚህ የቦሌ ኬክሮስ 8.58 ሳይሆን 8.967 ነው። ኬንትሮሱም 48 ለ60 ሲካፈል 0.8 ስለሚመጣ 38.48 ሳይሆን 38.8 ነው። ስልክህ ደግሞ የድሬን ቁጥር አስቀድሞ ወደ አስርዮሽ ለውጦ ሰጥቶሃል። አንዱን ጫፍ በአንድ ቋንቋ፣ ሌላውን በሌላ ቋንቋ ጻፍክ ማለት ነው።

አሁን እንደገና እንሥራው። የኬክሮስ ልዩነቱ 9.625 ሲቀነስ 8.967፣ 0.658 ዲግሪ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ወደ ሰሜን ያለው 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኬንትሮስ ልዩነቱ 41.854 ሲቀነስ 38.8፣ 3.054 ዲግሪ ይሆናል። የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ እየራቁ ሲሄዱ ስለሚቀራረቡ፣ ይህን በቀጥታ በ111.2 አታባዛውም፤ በመጀመሪያ በመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን ታበዛዋለህ። የ9.3 ዲግሪ ኮሳይን 0.987 ነው። 3.054 በ0.987 ሲባዛ 3.014፣ በ111.2 ሲባዛ ደግሞ ወደ ምሥራቅ 335 ኪሎ ሜትር ይሰጥሃል። ቀሪው ፓይታጎረስ ነው፤ የ73 እና የ335 ካሬ ተደምሮ ካሬ ሥሩ ሲወጣ 343 ይመጣል። በመሬት ማይል 213፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል 185 መሆኑ ነው። «ማይል» የሚል ቁጥር ስታይ የትኛው ማይል እንደሆነ ሳታረጋግጥ አትከራከር፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ከዚያ ነው የሚመጣው።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የድሬንም ነጥብ ከዚያው ሰንጠረዥ ወስደህ ያንኑ ስህተት ብትደግመው ኖሮ፣ ማለትም 9 ዲግሪ 37ን 9.37፣ 41 ዲግሪ 51ን 41.51 ብለህ ብትጽፈው፣ መልስህ 344 ይሆን ነበር። ሁለቱ ስህተቶች እርስ በርስ ተጣፍተው ሳታውቅ ትክክል ትሆናለህ። ለፈተና ግን አትመንበት፤ ሌላ ሁለት ከተማ ላይ ያጋልጥሃል።

ይህ አቋራጭ ስሌት ምድር ጠፍጣፋ እንደሆነች ስለሚቆጥር ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚሠራው። ለዱባይና ለጅዳ የሉል ቀመር ያስፈልግሃል።

«ርቀቱ 343 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ አውሮፕላኑም በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ነው መፍጀት ያለበት። ትኬቱ ላይ ያለው የመነሻና የመድረሻ ልዩነት ግን አንድ ሰዓት ነው። ሌላውን ግማሽ ሰዓት ማን በላው? ደግሞ ወደ ቦሌ ስመለስ ሁልጊዜ ይረዝምብኛል፤ የኔ ትዕግሥት ማነስ ነው?»
— ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ ታይዋን

ትዕግሥትዎ ደህና ነው፣ እውነትም አንዳንዴ ይረዝማል። ከመጀመሪያው እንነሳ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ጎማው መሬት ለቅቆ እስኪነካ ያለው አይደለም። ከጎማው ሥር ታኮው ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ጊዜ አንስቶ፣ መድረሻው ላይ ቆሞ ታኮው ዳግም እስኪገባ ያለው ነው። ቦሌ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ወደ ማኮብኮቢያው መጠጋትና ተራ መጠበቅ ብቻ 10 እና 15 ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ድሬ ላይ ይህ ያጥራል።

በአየር ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም በሙሉ ፍጥነት አይደለም። በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚታየው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400፣ በሙሉ ፍጥነቱ ላይ 350 ኖት (በሰዓት 350 የባሕር ማይል)፣ በሰዓት ወደ 650 ኪሎ ሜትር፣ ይሄዳል። 343 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ በዚያ ፍጥነት ቢሄድ 32 ደቂቃ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ሲወጣም ሲወርድም ቀርፋፋ ነው፤ ማረፊያው አጠገብም የክንፉን ታጣፊ ክፍል ዘርግቶ ይዘገያል። ስለዚህ ከመሬት ከለቀቀ እስኪነካ 40፣ 45 ደቂቃ ብለው ይያዙት።

የቁልቁለቱን መጀመሪያ በጆሮዎ ሊይዙት ይችላሉ። አብራሪዎች ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ቁልቁለት 3 የባሕር ማይል ይቆጥራሉ። ወደ ምሥራቅ የሚበር አውሮፕላን ጎዶሎ የሺህ ጫማ ከፍታ ይይዛል፣ ወደ ምዕራብ የሚበር ደግሞ ተጋማሽ። ስለዚህ ወደ ድሬ በ21,000 ጫማ ሲመጡ፣ የድሬ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ጫማ ገደማ ስለሆነ፣ የሚወረደው 17,200 ጫማ ነው። በ3 ማይል ስሌት ቁልቁለቱ የሚጀመረው ከ52 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ95 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። በመሬት ብንለካው አፍደም አካባቢ። እዚያ ላይ የፕሮፔለሩ ጩኸት ድንገት ዝግ ይላል፣ አፍንጫው ትንሽ ጎንበስ ይላል። መስኮት ዳር ከሆኑ ያስተውሉት።

የመመለሻው መርዘም ዋና ምክንያቱ የቦሌ ማኮብኮቢያ አቅጣጫ ነው። የቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ቁጥራቸው ከአንዱ ጫፍ 07፣ ከሌላው ጫፍ 25 ነው። 07 ማለት ወደ 70 ዲግሪ አቅጣጫ ያመለክታል። ከቦሌ ወደ ድሬ ያለው ቀጥተኛ አቅጣጫ ደግሞ 78 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸውም። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ወደ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ ከ07 ይነሳል፤ እንደተነሳ አፍንጫው ወደ ድሬ ነው። ሲመለስ ግን በዚያው ነፋስ ለማረፍ ከተማዋን አልፎ ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ዞሮ መምጣት አለበት። ይህ 5 እስከ 10 ደቂቃ ይጨምራል። መስኮት ዳር ተቀምጠው «አዲስ አበባ እኮ ደርሰናል፣ ለምን አያርፍም?» የሚሉት ያኔ ነው። ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከድሬ የመጣው ቀጥ ብሎ በ25 ይገባል፣ ከቦሌ የሚነሳው መጠምዘዝ ይኖርበታል።

የነፋሱ ግፊት ራሱ ያን ያህል አይደለም። 30 ኖት ነፋስ ከፊት ቢገጥም 32 ደቂቃው ወደ 35 ይሆናል፤ ከኋላ ቢገፋ ወደ 29 ይወርዳል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ነፋስ የሚያመጣው ልዩነት አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም።

«ጄት የሆነውን ቦይንግ 737 ለማግኘት ብዬ በረራ ልምረጥ?»
— ከከዚራ

በአየር ላይ ጥቂት ደቂቃ ያተርፋሉ፣ ከዚያ አይበልጥም። መንገዱ አጭር ስለሆነ ጄቱ ወደ ሚፈጥንበት ከፍታ ወጥቶ ሳይጠግብ መውረድ ይጀምራል። ደግሞ 150 ሰው መጫንና ማውረድ 70 ምናምን ሰው ከመጫን ይረዝማል። ለሰዓት ብለው አይምረጡ። ኪው 400 ላይ ከመቀመጫ በላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ ግን፣ ጎማ ያላት የእጅ ሻንጣዎ ደረጃው ሥር ልትወሰድብዎ ትችላለች፤ ላፕቶፕ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት በትንሽ ቦርሳ ለይተው ይያዙ።

«የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። የበረራ ሰዓቴ 13:10 ነው። ልጆቼ "አባባ፣ ድሬ ቅርብ ናት፣ አንድ ሰዓት ይበቃል" ይሉኛል። እኔ ግን ልቤ አይጥለኝም። ከቤት ስንት ሰዓት ልውጣ? በጅግጅጋስ ብሄድ አይሻልም?»
— አንድ አባት፣ ከሐረር

ልብዎን ይስሙ አባባ። ከሐረር ድሬዳዋ በደንገጎ በኩል 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባዶ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት እንደሚበቃ ልጆችዎ አልተሳሳቱም። ያልቆጠሩት ሌላውን ነው።

ከኋላ ወደ ፊት እንቁጠር። 13:10 ማለት በእኛ 7:10 ከሰዓት ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት፣ 5:10 ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መገኘት ጥሩ ነው፤ ፍተሻው ውጭ በር ላይ ይጀምራል፣ ውስጥም ይደገማል። ሚኒባስ የሚያወርድዎ መናኸሪያ እንጂ ማረፊያው በር ላይ አይደለም። ስለዚህ ለባጃጅ 20 ደቂቃ ይያዙ፤ 4:50 ሆነ። ለመንገዱ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ 3:35 ሆነ። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሳ 25 ደቂቃ፤ 3:10። ስለዚህ ከቤት 3 ሰዓት ላይ ይውጡ። መኪና በኮንትራት ከያዙ የባጃጁንና የመሙያውን ጊዜ ያተርፋሉ፣ 3:45 ቢወጡ ይበቃዎታል።

መንገዱ ላይ የሚያስቀሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ አወዳይ ነው። የጫት ገበያው ሲሞቅ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰውና በመኪና ይዘጋል። ዋናው ግን ከደንገጎ ወደ ድሬ ያለው ቁልቁለት ነው። በዚያ አጭር ርቀት መንገዱ ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና በማርሽ እየተጎተተ ሲወርድ ከኋላው ተሰልፎ መከተል ግድ ነው። በክረምት ጠዋት ደንገጎ ላይ ጉም ይወርዳል። አንድ ተሳቢ ጥምዝ ላይ ከቆመ ደግሞ ወደ ጎን ማለፊያ የለም። የአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት የሚሆነው ያን ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ አስቀድሞ ማንም አይነግርዎትም።

ከቤት 3 ሰዓት ወጥተው፣ 7:10 ተነስተው፣ 8:10 ቦሌ ደርሰው፣ ሻንጣ ለመቀበል 20 ደቂቃ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለታክሲ 45 ደቂቃ ቢይዙ፣ ዘመድዎ ቤት 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ይገባሉ። ከበር እስከ በር 6 ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በአየር ላይ የሚቆዩት 40 ምናምን ደቂቃ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ከንጋት ተነስቶ 9፣ 10 ሰዓት ይወስዳል፤ ልዩነቱ ሰው እንደሚያስበው የሰማይና የምድር ያህል አይደለም።

ስለ ጅግጅጋ ከጠየቁን፦ ከሐረር ጅግጅጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በባቢሌ፣ በዳካታ ሸለቆና በካራማራ በኩል። ከጅግጅጋ ቦሌ ያለው የአየር ርቀትም 453 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከድሬው በ110 ይበልጣል። ለሐረር ሰው ድሬ ትሻላለች፤ ጅግጅጋ መጠባበቂያ ትሁን፣ የድሬው በረራ ሞልቶ ቦታ ሲጠፋ። ለባቢሌ ሰው ግን ነገሩ ይቀየራል። ባቢሌ ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ወደ ጅግጅጋ ያለው መንገድ ያጥራል፣ የደንገጎም ቁልቁለት የለበትም።

«እህቴ ትኬቷ ላይ 07:10 የሚል አይታ በ5 ሰዓት ከቤት ወጣች። ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ሰዓታት ሆኖታል። ገንዘቧም ቀለጠ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር እንዴት እናስወግድ?»
— ከገንደ ቆሬ

እህትሽ ብቻዋን አይደለችም። ይህ ስህተት በዚህ መስመር ላይ ካሉት ስህተቶች ሁሉ በጣም ውድ ነው፣ ደግሞም በጣም ቀላል። ትኬት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው ከ06:00 በታች ከሆነ 6 ጨምሪ፤ 00:30 ማለት 6:30 ሌሊት ነው፣ 05:40 ማለት 11:40 ንጋት። ከ06:00 እስከ 17:59 ከሆነ 6 ቀንሺ፤ 07:10 የጠዋቱ 1:10 ነው፣ 13:10 የቀኑ 7:10። ከ18:00 በላይ ከሆነ 18 ቀንሺ፤ 19:20 የማታ 1:20 ነው። ቀንሰሽ ዜሮ ከመጣብሽ 12 ነው፤ 06:15 ማለት የጠዋቱ 12:15፣ 18:20 ማለት የማታው 12:20 ነው።

የሚያሳስቱት ቁጥሮች ከ01:00 እስከ 12:59 ያሉት ናቸው፤ በእኛም ሰዓት ላይ ስላሉ። 13:10ን ያየ ሰው ግራ ይገባውና ይጠይቃል፣ 07:10ን ያየ ግን አይጠይቅም፣ አውቄዋለሁ ብሎ ያልፋል። የበለጠ ክፉው ደግሞ እንዲህ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ በ6 ሰዓት ይዘገያል እንጂ ቀድሞ አይደርስም። ትኬት እንደተቆረጠ ወዲያው፣ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የእኛን ሰዓት ከነ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ጻፉበት። ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ለተጓዡ በጽሑፍ ላኩለት። በአፍ ብቻ «በሰባት ሰዓት ነው» አትባባሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ነው። ትኬት ላይ ቀን የሚለወጠው በእኛ 6 ሰዓት ሌሊት ነው። ከቦሌ ወደ ውጭ የሚሄደው በረራ «ረቡዕ 00:30» ከተባለ፣ ሰው በአፉ የሚጠራው ማክሰኞ ሌሊት ወይም ለረቡዕ አጥቢያ ብሎ ነው። ስለዚህ ከድሬ መነሳት ያለበት ማክሰኞ ቀን ላይ ነው። ረቡዕ ጠዋት ከድሬ የተነሳ ሰው ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ዱባይ አርፏል።

ሦስተኛው የወሩ ቀን ነው፤ ትኬት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ቀደም ብለው የሚቆርጡ ብዙ ስለሆኑ እንንገራችሁ፦ ታኅሣሥ 19 በአብዛኛው ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈችበት ማግስት በሚመጣው ዓመት ግን ዲሴምበር 29 ይሆናል፤ በእኛ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንደሚሆነው። ከክብረ በዓሉ አንድ ቀን ቀድመው ወይም አልቆ በማግስቱ የሚደርሱት በዚች አንድ ቀን የተነሳ ነው።

«ከድሬ ዱባይ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ቦሌ መመለስ አለብኝ። ካርታ ላይ ሳየው ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ይባክናል?»
— ከመጋላ

በእርግጥም ወደ ኋላ ነው። ከድሬዳዋ ዱባይ በቀጥታ ቢበረር 2,249 ኪሎ ሜትር ነው። በቦሌ በኩል ግን 343 እና 2,519 ተደምሮ 2,862 ይሆናል። 613 ኪሎ ሜትር ትርፍ ይበራሉ። በጄት ፍጥነት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። እውነተኛው ኪሳራ ያለው ቦሌ ላይ በመቀመጥ ነው፤ የአገር ውስጥ በረራዎ ቢዘገይ ዋናው እንዳያመልጥዎ ሲባል ቢያንስ ሦስት ሰዓት ልዩነት እንዲኖር እንመክራለን።

ሁለቱንም ጉዞ በአንድ ትኬት መቁረጥ ይሻላል። የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ ሌላ በረራ ላይ የማስገባት ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከቆረጡ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ድሬ ላይ ሻንጣዎን ሲያስረክቡ እጀታው ላይ የሚታሰረውን ወረቀት አንብቡት፤ በትልቁ የተጻፉት ሦስት ፊደላት የሻንጣው መጨረሻ ናቸው። የዱባይ ኮድ ዲ-ኤክስ-ቢ ነው። ኤ-ዲ-ዲ የሚል ካዩ ሻንጣው ቦሌ ላይ ይወርዳል ማለት ነው፣ ተቀብለው እንደገና ማስረከብ ይኖርብዎታል። ይህን ጥያቄ ድሬ ላይ ሆነው ይጠይቁ፤ ቦሌ ደርሰው መጠየቅ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

«የሰባት ወር ልጄ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ስንመጣ ጆሮዋን እየያዘች ታለቅሳለች። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ግን ምንም አትል። ምን ልዩነት አለው? መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?»
— እናት፣ ከአሸዋ

መንገዱ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ግን ለጆሮ አንድ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ላይ ነው፣ የድሬ ማረፊያ 1,170 ላይ። ወደ ድሬ ስትመጡ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እየጨመረ ይሄዳል፤ የውጭው አየር የጆሮ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ያን ለማመጣጠን ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚያልፈው ቀጭን ቱቦ መከፈት አለበት፣ ከውጭ ግፊት ሲበዛበት ደግሞ ይጣበቃል። ወደ ላይ ስትሄዱ ግን አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው፤ በራሱ ጠብ ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ወደ ድሬ ስትመጪ፣ ቅድም ያልነው የሞተሩ ድምፅ ዝግ ሲል፣ ከማረፋችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት፣ ጡት ወይም ጡጦ ስጫት። የሚጠቅመው መዋጧ ነው። ብዙ እናቶች ሲነሱ አጥብተው ሲወርዱ ልጁ ተኝቷል ብለው ይተዉታል፤ ተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈልገው። ጉንፋን ከያዛት ደግሞ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሪ።

ይኸው ግፊት ዕቃ ላይም ይሠራል። ድሬ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ ሻምፑ ወይም ዘይት፣ ውስጡ ያለው አየር አዲስ አበባ ሲደርስ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ተኩል ያህል ይሰፋል፤ ክዳኑን ገፍቶ ሻንጣ ውስጥ ይፈሳል። ጠርሙሱን ጨመቅ አድርገሽ አየሩን አስወጥተሽ ክደኚው፣ በላስቲክም ጠቅልዪው። ከአዲስ አበባ የመጣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ድሬ ላይ ተጨማዶ የምታዪውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«የትኛው መስኮት ይሻላል? ከሰዓት በኋላስ ለምን ያንገጫግጨዋል?»
— ከለገሃሬ

ወደ ድሬ ስትሄዱ በቀኝ በኩል። ቀጥታው መስመር ከፈንታሌ ተራራ በስተሰሜን 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያልፍ፣ ሰማዩ ከጠራ የፈንታሌ አፍና አጠገቡ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ አሰቦትና የጨርጨር ሰንሰለት። በግራ ያለው የአፋር ሜዳ ነው። ስትመለሱ ግራና ቀኙን አገላብጡት።

መንገጫገጩ የሙቀት ነው። አዋሽ ሸለቆው ከረፋድ በኋላ ሲግል አየሩ እየሞቀ ሽቅብ ይፈነዳል፣ በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ በጨርጨር ላይ የነጎድጓድ ደመና ይቆማል፤ አብራሪው በጎን ስለሚዞረው ሰዓቱም ትንሽ ይረዝማል። መንገጫገጭ የሚያስጨንቀው ሰው የጠዋቱን ይያዝ። በጉዞው ላይ አብሽር፣ አውሮፕላኑ ከዚህ ለከፋም የተሠራ ነው፤ ቀበቶው ግን ይታሰር።

«የድሬው በረራ ዘገየ ሲባል ስንት እንደሚያስጠብቀን በምን እናውቃለን?»
— ከቀፊራ

አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቷል ወይ?» ከድሬ የሚወስዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያው ከቦሌ የሚመጣው ነው። ገና አልተነሳም ከተባላችሁ፣ አንድ ሰዓት ለመምጫው፣ 40 ደቂቃ ያህል ሰው ለማውረድ፣ ለመጥረግና ለመጫን ቁጠሩ። ከአንድ ሰዓት ከ40 በፊት አትነሱም፤ ከዚራ ወርዶ ምሳ ለመብላት ግን አይበቃም፣ ፍተሻውን እንደገና ማለፍ አለና።